ካፒቴን ማጂድና የመተማ ልጆች

መተማ ዮሐንስ ወይም ገንዳ ውሃ ላይ ዲሽ የሚያስተክል ሰው ከሁለት አቅጣጫ አንዱን መምረጥ አለበት። ዲሹ ወደ ምዕራብ ዞሮ ናይልሳትን ከያዘ ቴሌቪዥኑ በአብዛኛው ዓረብኛ ይናገራል። ወደ ምሥራቅ ዞሮ ኢትዮሳትን ከያዘ አማርኛና ሌሎች የአገር ቋንቋዎችን ያመጣል። ሁለቱንም የፈለገ ተጨማሪ ወጪ አለበት። የሳተላይት ጨረር በኬላ አይፈተሽም፤ በሱዳን በኩል ባለችው ገላባት ላይ የሚገባ ጣቢያ ከድንበሩ ወዲህ መተማ ላይም ይገባል። የጃፓን ካርቱን፣ ዛሬ ወጣቱ አኒሜ የሚለው፣ ወደ ምዕራብ ጎንደር ቆላ የሚደርሰው በዚህ በምዕራቡ በር ነው፤ የሚደርሰውም ዓረብኛ እየተናገረ ነው። እዚህ ላይ ብዙዎች ሁለት ነገር ይላሉ። አንዳንዱ «ልጆቻችን በባዕድ ቋንቋ በባዕድ ታሪክ አደጉ» ብሎ ያዝናል፤ ሌላው «ካርቱን ነው፣ ምን አለበት» ብሎ ያልፋል። በእኔ እምነት ሁለቱም ትልቁን ዕድል አላዩትም። እነዚህን ፊልሞች አንድ የክልል ጣቢያ፣ ለምሳሌ ባሕር ዳር ያለው የአማራ ቴሌቪዥን፣ ድምፃቸውን ሳይነካ ከሥራቸው የአማርኛ ጽሑፍ አድርጎ ቢያሳያቸው ለልጆች የንባብ ትምህርት ይሆናሉ። ለዚህ ሥራ ደግሞ ከክልሉ ሁሉ የተሻለ ዝግጁ የሆነው ወደኋላ የቀረ የሚመስለን የድንበሩ ቆላ ነው።

ነገሩን ለመረዳት እነዚህ ፊልሞች ዓረብኛ እንዴት እንደለመዱ ማየት ያስፈልጋል። ኦሳሙ ቴዙካ የተባለው ጃፓናዊ ሠዓሊ እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 1963 «አስትሮ ቦይ» የተባለውን ተከታታይ ፊልም በፉጂ ቴሌቪዥን ሲጀምር ገንዘብም ሠራተኛም ጊዜም አልነበረውም። በየሳምንቱ አንድ ክፍል ማድረስ ነበረበት። ስለዚህ ሥዕሉን ቆጠበ። ሰውየው ሲናገር ፊቱ ባለበት ይቆማል፣ የሚንቀሳቀሰው አፉ ብቻ ነው፤ አፉም ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ በቃ። የተሳለውን ሥዕል አስቀምጦ በሌላ ክፍል መልሶ ያወጣዋል። በድህነት የተጀመረው ይህ ዘዴ የጃፓን ካርቱን መለያ ሆኖ ቀረ፣ ሳይታሰብም አንድ ትልቅ ጥቅም አመጣ። የከንፈሩ እንቅስቃሴ የየትኛውም ቋንቋ ስላልሆነ የየትኛውም ቋንቋ ድምፅ ይገጥመዋል። ሊባኖስ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ «ግሬንዳይዘር» የተባለው የሮቦት ታሪክ በዓረብኛ ድምፅ ሲሠራ ልጆቹ ጃፓናዊ መሆኑን ለማወቅ የሚያስገድዳቸው ነገር አልነበረም። ከዚያ በኋላ ሥራው ወደ አማንና ደማስቆ ተስፋፋ፤ እ.ኤ.አ. በ2000 ስፔስቱን፣ በ2004 መጨረሻ ኤም ቢ ሲ 3 በሳተላይት በነፃ መሠራጨት ጀመሩ። ዲሽ በነበረበት የኢትዮጵያ ቤት ያደገ ወጣት የእነዚህን ሁለት ጣቢያዎች ስም አይረሳም።

ከእነዚህ ፊልሞች አንዱን ቀረብ ብለን እንየው። ዮይቺ ታካሃሺ እ.ኤ.አ. በ1981 በሥዕላዊ መጽሔት መሳል የጀመረው የእግር ኳስ ታሪክ በጃፓን «ካፒቴን ፁባሳ» ይባላል። በዓረብኛው ፁባሳ ማጂድ ሆነ፣ በረኛው ዋካባያሺ ወሊድ ሆነ፣ ኃይለኛው አጥቂ ህዩጋ ደግሞ ባሳም። ሜዳው ማለቂያ የለውም። ማጂድ ኳስ ይዞ ሲሮጥ ጎሉ ከአድማስ በታች ነው ያለው፤ ቀስ በቀስ አግዳሚው ብቅ ይላል፣ ከዚያ በረኛው። ሲመታ ኳሷ እንቁላል እስክትመስል ትለጠጣለች። ኳሷ አየር ላይ ሳለች ታሪኩ ይቆማል፦ አጥቂው በልቡ ይናገራል፣ በረኛው በልቡ ይመልሳል፣ ተመልካች መካከል ሆኖ አሠልጣኙ ያስታውሳል፣ የልጅነት ጊዜ በትዝታ ይመጣል። ኳሷ መረብ ሳትነካ ክፍሉ ሊያልቅ ይችላል። ብዙ አዋቂዎች ይህን ሲያዩ ይሰለቻሉ። ለማንበብ ለሚማር ልጅ ግን ከዚህ የተሻለ ገጽ ማሰብ ይቸግራል። ሥዕሉ ቆሟል፣ ፊቱ አይንቀሳቀስም፣ ዓይን ከሥዕሉ ወርዶ ሁለት መስመር ጽሑፍ ለመጨረስ ጊዜ አለው፤ ልጁም ኳሷ ገብታ እንደሆነ ለማወቅ ስለሚጓጓ ማንበብን አይሸሽም። የቴዙካ ቁጠባ ለድምፅ ትርጉም ካመቸው ይልቅ ለጽሑፍ ትርጉም የበለጠ ያመቻል።

የጽሑፉ ነገር አዲስ ሐሳብ አይደለም። አኒሜ ከጃፓን ወጥቶ በሌላ አገር አጥባቂ ወዳጆችን ያፈራበት አንዱ የመጀመሪያ መንገድ ትንንሽ የአካባቢ ጣቢያዎች በግርጌ ጽሑፍ ያሳዩት ሥርጭት ነው። ሃዋይ የሚኖሩ የጃፓን ተወላጆች ኪኩ የሚባል ጣቢያ ነበራቸው። ጣቢያው ያገለግል የነበረው አያቶቻቸው ከጃፓን መጥተው እነሱ ግን ቋንቋውን በሚገባ የማይሰሙትን ልጆች ጭምር ስለነበር ድምፁን በጃፓንኛ ትቶ ከሥሩ እንግሊዝኛ ይጽፍ ነበር። በ1974 (እ.ኤ.አ.) በሰው ተዋንያን የተሠራውን «ኪካይዳ» የተባለ የጀግና ታሪክ በዚህ መልክ ሲያሳይ የደሴቶቹ ልጆች፣ ጃፓናዊ ዘር ያላቸውም የሌላቸውም፣ አብረው ወደዱት። ካሊፎርኒያም እንዲሁ ሆነ። በ1970ዎቹ አጋማሽ የጃፓን ማኅበረሰብ ጣቢያዎች የሮቦት ካርቱኖችን ከእንግሊዝኛ ጽሑፍ ጋር ማሳየት ሲጀምሩ ሥርጭቱ ያልታሰበላቸው ሰዎችም ማየት ጀመሩ፤ በ1977 ሎስ አንጀለስ ላይ በአሜሪካ የመጀመሪያው የአኒሜ ወዳጆች ክበብ ተቋቋመ። ትልቁ የቴሌቪዥን ድርጅት ገና ያላሰበውን ጥቂት ተመልካች ያለው ጣቢያ አደረገው። ለክልል ጣቢያ ከዚህ የቀረበ ምሳሌ አላውቅም።

አሁን ወደ ዋናው ማስረጃ፣ ወደ ንባብ፣ እንምጣ። በ2002 ዓ.ም. በበርካታ ክልሎች በተደረገው የአንደኛ ደረጃ የንባብ ችሎታ ምዘና፣ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ከተፈተኑ የ2ኛ ክፍል ተማሪዎች ከሦስት አንዱ ያህል አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻለም ነበር። ልጁ ትምህርት ቤት ገብቷል፣ መጽሐፍ አይቷል፣ ፊደል ቆጥሯል፤ ግን ከክፍል ወጥቶ የሚያነበው ነገር የለም። ቆላው ላይ ይህ ይብሳል። በክረምት የሰሊጥ አረም፣ በመስከረምና በጥቅምት አጨዳ ልጅን ከትምህርት ይነጥቃል፤ ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በክልሉ በተስፋፋው ግጭት በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ገበታ ውጭ ሆነዋል። ትምህርት ቤት በተዘጋበት ቀበሌ መብራት ሲኖር የሚሠራ ቴሌቪዥን አለ፣ ቡና ቤት ውስጥም ይሁን ዘመድ ቤት። ያ ስክሪን በቀን ሃያ ደቂቃ ፊደል ቢያሳይ የመምህርን ቦታ አይተካም። ነገር ግን ልጁ የያዘውን ፊደል እንዳይረሳ ያደርገዋል፣ ያ ደግሞ በእንዲህ ያለ ጊዜ ትንሽ ነገር አይደለም።

ሕንድ ይህንን ሞክራዋለች። የአሕመዳባድ የአስተዳደር ተቋም ምሁር ብሪጅ ኮታሪ በቴሌቪዥን የሚታየው የፊልም ዘፈን ግጥም ከሥሩ ቢጻፍ ሕዝቡ ሳያስበው ማንበብ ይለማመዳል አሉ። ሐሳቡ በመጀመሪያ የተሞከረው በአገር አቀፍ ጣቢያ ሳይሆን በጉጃራት፣ በክልል ሥርጭት፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ነው። ዘፈኑን አዘውትረው ከጽሑፉ ጋር ያዩ ደካማ አንባቢዎች ካላዩት ይልቅ መሻሻላቸውን ከዚያ በኋላ የተደረጉ ጥናቶች አሳይተዋል። የሕንድ ፊደላት ደግሞ እንደ እኛ ፊደል ተነባቢውንና አናባቢውን አንድ ላይ የሚያስሩ ናቸው፤ ልምዱ ለእኛ ሩቅ አይሆንም።

ጠንቃቃ አንባቢ እዚህ ላይ ያስቆመኛል። በሕንዱ ልጁ የሰማውን ቃል ነው የሚያነበው፤ አንተ ግን ድምፁ ጃፓንኛ፣ ጽሑፉ አማርኛ ይሁን ትላለህ፣ ጆሮው ዓይኑን አያግዘውም ይለኛል። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ የሕንዱን ውጤት እንዳለ ገልብጬ የእኔ ነው ማለት አልችልም። ሁለት መልስ ግን አለኝ። አንደኛው ከቤልጂየም ነው። የሉቨን ዩኒቨርሲቲው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ዤሪ ዲደቫል እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ ተመልካቾች ፊልም ሲያዩ ዓይናቸው የት እንደሚያርፍ በመሣሪያ ተከታትለዋል። ሰው ጽሑፍ ስክሪኑ ላይ ብቅ ሲል ዓይኑ ሳይታዘዝ እንደሚሄድበት አገኙ፤ ድምፁን በሚገባ የሚሰማ ተመልካች ሳይቀር ያነባል። በካርቱን በተደረገው ሙከራ ከ4ኛ ክፍል ጀምሮ ያሉ ልጆች እንደ አዋቂ ማንበባቸው ታየ፤ የ2ኛ ክፍል ልጆች ግን በፊልሙ ዓይነት ይለያያሉ፣ ንግግር የበዛበት ሲሆን ጽሑፉን ይከተላሉ፣ ድብድብ ብቻ ሲሆን ሥዕሉ ላይ ይቀራሉ። ንግግር የበዛበት፣ ሥዕሉ የሚቆም፣ ኳስ አየር ላይ እያለች ሰዎች በልባቸው የሚነጋገሩበት ፊልም የትኛው እንደሆነ ቀደም ብለን አይተናል።

ሁለተኛው መልስ የመተማ ነው፣ ዋናው ነጥቤም ይኸው ነው። ንባብ የሚከብደው ታሪኩም ፊደሉም አንድ ላይ አዲስ ሲሆኑ ነው። ታሪኩን አስቀድሞ የሚያውቅ ልጅ ጽሑፉን ግማሽ ያህል እየገመተ ያነበዋል፤ ግምቱ ሲሰምርለት ይበረታል። የምዕራብ ጎንደር ቆላ ልጅ ማጂድን በዓረብኛ አይቶታል ወይም ካየ ጓደኛው ሰምቶታል። የሰማው ዓረብኛም የሱዳኑ ገዳሪፍ ነጋዴ የሚናገረው አይደለም፤ የካርቱን ዓረብኛ ፉስሐ የሚባለው የመጽሐፍ ዓረብኛ ነው፣ ከሞሮኮ እስከ ዑማን አንድ ትርጉም እንዲበቃ ታስቦ የተመረጠ። ስለዚህ ገበያ ላይ ከሱዳን ሾፌሮች ጥቂት ዓረብኛ የለመደ ልጅ እንኳ ካርቱኑን የሚከታተለው ግማሹን በቃል፣ ግማሹን በሥዕል ነው። ይህ ልጅ ፊልሙን በአማርኛ ጽሑፍ ሲያገኘው የጎደለችውን ግማሽ ሊያገኝ ነው። ደብረ ታቦር ወይም ደብረ ማርቆስ ያለ እኩያው፣ ካርቱኑን በዲሽ ቢያየው እንኳ ዓረብኛውን ስላልለመደ፣ ከኋላው ይጀምራል። ለመቶ ዓመታት የንግድ በር፣ የሦስትና የአራት ቋንቋ መገናኛ ሆኖ የኖረው ቆላ በዚህ ጉዳይ ከደጋው ይቀድማል።

ድምፁ ለምን ጃፓንኛ ይሁን፣ ዓረብኛውስ ምን አጠፋ ለሚለው ምክንያቴ ከፊሉ ሕጋዊ ነው፦ የዓረብኛው ድምፅ ባለቤት ሌላ ነው፣ ሁለት ባለመብት ማስፈቀድ ይጠይቃል። ሌላው ምክንያት ከሰዋስው የሚመጣ ነው። ጃፓንኛና አማርኛ ዝምድና የላቸውም፤ ሆኖም ሁለቱም ግሥን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣሉ፣ ማን፣ የት፣ ለማን የሚለውን አስቀድመው ሆነ ወይም አልሆነ የሚለውን በመጨረሻ ይገልጣሉ። እንግሊዝኛ ጽሑፍ የሚጽፍ ተርጓሚ ተዋናዩ ገና ያልተናገረውን ግሥ አስቀድሞ ማውጣት ግድ ይሆንበታል፤ ምሥጢሩ ይባክናል። አማርኛ ጽሑፍ ግን ከድምፁ ጋር እኩል ሊሄድ ይችላል። በረኛው «ይህን ኳስ እኔ…» ብሎ ሲያቆም ጽሑፉም እዚያው ያቆማል፤ ግሡ ሲመጣ አብሮ ይመጣል። ይህ ለተርጓሚ ትልቅ ጸጋ ነው፣ በደንብ የሠራው ሰው ቢገኝ ተመልካቹ ያውቀዋል።

ከሁሉ የጠነከረው ተቃውሞ ግን «ለምን በአማርኛ ድምፅ አንሠራውም?» የሚለው ነው። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ሥርጭት ሲጀምር የውጭ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ አቅርቦ በጥቂት ወራት ውስጥ ብዙ ቤት ገባ፤ ሰው ወደ ዓረብኛ ጣቢያዎች ያዞረውን ዓይኑን ወደ አማርኛ መለሰ። ሠርቶ የታየ መንገድ እያለ ልጆችን በጽሑፍ ማስጨነቅ ለምን? ከዚህ ተቃውሞ ግማሹን እቀበላለሁ። ፊደል ላልቆጠረ ልጅ ድምፅ ግድ ነው። ለዚያ ዕድሜ ደግሞ የራሳችን ጥሩ ሥራ አለ፦ አባባ ተስፋዬ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ለአርባ ዓመታት ያህል በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ተረት ነግረዋል፤ ከ1999 ዓ.ም. ወዲህ ብሩክታዊት ጥጋቡና ባልደረቦቿ የሠሩት «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የጃፓኑ ኤን ኤች ኬ በሚያዘጋጀው የትምህርታዊ ፕሮግራሞች ውድድር ሳይቀር ተሸልሟል። ከ3ኛ ክፍል በላይ ላለው ልጅ ግን የድምፅ ትርጉም ማዳመጥን እንጂ ማንበብን አይሰጠውም። ወጪውም ሌላ ነው። ድምፅ ሲባል ስቱዲዮ፣ ለየገጸ ባሕርዩ ተዋናይ፣ ቀራፂ፣ አቀናባሪ ያስፈልጋል። ለጽሑፍ አንድ ጥሩ ተርጓሚ፣ አንድ አርታኢና ኮምፒዩተር ይበቃሉ። ቃና ሲጀምር የአገር ውስጥ የፊልምና የቲያትር ባለሙያዎች ማኅበራት «ሥራችንን ይነጥቃል፣ ባህልን ይበርዛል» ብለው መቃወማቸውም የሚታወስ ነው። ሥጋታቸው መሠረት ነበረው፦ በአማርኛ ድምፅ የሚናገር የቱርክ ድራማ ከአማርኛ ድራማ ጋር በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ጆሮ ይሻማል። የግርጌ ጽሑፍ ግን እንግዳውን እንግዳ አድርጎ ያስቀምጠዋል። ሰውየው ጃፓናዊ ነው፣ ጃፓንኛ ይናገራል፤ እኛ የሚለውን እናነባለን። ልጁም ማጂድ የሚለው ስም ከየት እንደመጣ፣ ፁባሳ የሚባል ሰው መጀመሪያ እንደነበረ ያውቃል።

ስለ ባህል የሚነሳው ሌላው ሥጋት አጭር መልስ ይበቃዋል። ፊልሞቹ እየታዩ ነው። የሚቀረው ምርጫ በማን ቋንቋና በማን መራጭነት ይታዩ የሚለው ነው። ደም የሚረጭባቸውን ትቶ እግር ኳስን፣ የልጅ መርማሪን፣ የቤተሰብ ታሪክን የሚመርጥ አርታኢ ባሕር ዳር ቢኖር ወላጅ ከሪሞት ጋር ከሚያደርገው ትግል ያርፋል።

ይልቅስ የሚያሳስበኝ ማንበብ የማይችለውና አማርኛ አፍ መፍቻው ያልሆነው ልጅ ነው። መተማና ቋራ የጉሙዝ ልጆችም አገር ነው። ለእነሱ የአማርኛ ጽሑፍ ሁለተኛ ሸክም ሊሆን ይችላል፤ ሥርጭቱ አድጎ የጉሙዝኛ ጽሑፍ እስኪጨመርለት ድረስ ይህ ጉድለት ጉድለት ነው፣ አልሸፍነውም። ማንበብ ለማይችለው ልጅ ግን አገሩ የራሱ መፍትሔ አለው። በየከተማው ቪዲዮ ቤት «ትርጉም ፊልም» በሚባለው ልማድ አንድ ሰው የሁሉንም ተዋናይ ቃል እየተቀበለ ለተሰበሰበው ሲነግር ኖሯል። ጽሑፍ ባለበት ቤትም ታላቅ እህት ለታናሿ ታነባለች፤ አንባቢዋ ጮክ ብላ ስታነብ ከማንም በላይ የምትማረው ራሷ ናት። ሱዳን ውስጥ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጦርነት ሲጀመር በመተማ ገብተው በኩመርና በአውላላ፣ ኋላም በአፍጥጥ መጠለያ ጣቢያዎች የተጠለሉት ቤተሰቦች ልጆችም አሉ። እነሱ የዓረብኛውን ማጂድ ገና አገራቸው ሳሉ የሚያውቁ ናቸው፤ ከአካባቢው ልጅ ጋር አንድ ስክሪን ፊት ቢቀመጡ ታሪኩን እነሱ ይነግሩታል፣ ጽሑፉን እሱ ያነብላቸዋል።

ገንዘቡና ፈቃዱስ? የጃፓን ፋውንዴሽን ለበርካታ አዳጊ አገሮች ጣቢያዎች የጃፓን ፕሮግራሞችን ካርቱንን ጨምሮ ያለ ክፍያ ሲያቀርብ ቆይቷል። ጃፓን ይህ ሥራ ምን ያህል እንደሚጠቅማት በደንብ ታውቃለች፤ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ኢራቅ ሳማዋ ላይ ውኃ የሚያመላልሱ የጃፓን መኪኖች ላይ የለጠፈችው የካፒቴን ፁባሳን ሥዕል ነበር፣ የኢራቅ ልጅ ማጂድን ገና ከሩቅ ስለሚለይ። የክልል ጣቢያ በኤምባሲው በኩል ጥያቄ ቢያቀርብ የሚጠየቀው ድርሻ ትርጉሙና የአየር ሰዓቱ ነው። አሠራሩም የታወቀ ነው። በአንድ ጊዜ ከሁለት መስመር አይበልጥ፤ ለአዋቂ ሁለት ሙሉ መስመር ስድስት ሰከንድ ያህል ይቆያል፣ ለልጅ ከዚያ ረዘም ይበል፣ ያ ማለት ተርጓሚው ያለውን ሁሉ ሳይሆን ዋናውን ይጻፍ። ፊደሉ ወፍራምና ጥቁር ዳራ ያለው ይሁን፤ ቀጭን ፊደል በአሮጌ ቴሌቪዥን ላይ «ለ» እና «ሰ»ን አያስለይም። ያው ክፍል በሳምንት ሁለት ጊዜ ይደገም፤ ልጅ የወደደውን መደጋገም አይሰለቸውም፣ ሁለተኛው ዕይታ ላይ ደግሞ ንባቡ ይፈጥናል። ሰዓቱ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት በፊት ባይሆን ይሻላል፤ መስከረምና ጥቅምት ላይ የቆላ ልጅ ከሰሊጥ ማሳ የሚመለሰው ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ ነው።